የአምስት ቤት ውሻ

ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ልጄ ወጥ ቤት ቆማ ውሻዬን በስልክ ገደለችው። እኔ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጬ ካልሲዬን እያጠለቅሁ ነበር። የዚህ ሕንፃ ግድግዳ ስስ ነው፤ ከሥራችን ሦስተኛ ፎቅ ያለው ሰውዬ ሲያስነጥስ "ይማርህ" ልንለው ምንም አይቀረን። በዚያ ላይ እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት የስልክ ኦፕሬተር የነበርኩ ሴት ነኝ፤ ጉልበቴ ከድቶኛል፣ ዓይኔም እየከዳኝ ነው፣ ጆሮዬ ግን እስከ ዛሬ ታማኝ ነው። "አይ፣ የኛ ውሻ ሞቷል" አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። "ያገኛችሁት የሌላ ሰው ይሆናል። ዛሬ አስራ አንድ ሰዓት? ግድ የለም፣ እኛን አትጠብቁ።" የዚያኛውን ወገን አዳመጠችና "አዎ፣ እናቴም ታውቃለች" ብላ ዘጋችው። ወዲያው የቧንቧው ውሃ ሲከፈት ሰማሁ። የታጠበውን ብርጭቆ ደግማ ታጥብ ጀመር።

"እናቴም ታውቃለች" ያለችው ነው የከነከነኝ። ውሻው ከጠፋ ስምንት ወር ሆኖታል። የእንስሳት መጠለያው ድረስ ሄጄ ያስመዘገብኩት እኔው ነኝ፤ ያኔ የራሴ ስልክ ስላልነበረኝ የልጄን ቁጥር ሰጥቼ መጣሁ። የሰውን ስልክ ሳገናኝ አርጅቼ የራሴ ስልክ አልነበረኝም፤ መሳቅ የፈለገ ይሳቅ። የመጠለያውን ደንብ ያኔውኑ ነግረውኛል። ማዘጋጃ ቤቱ ከመንገድ የሰበሰበውን ውሻ እነሱ ለአስራ አራት ቀን ያቆያሉ፤ በአስራ አራተኛው ቀን እስከ አስራ አንድ ሰዓት የሚፈርምለት ሰው ካልመጣ ማዘጋጃ ቤቱ መልሶ ይወስደዋል። ወስዶ ምን እንደሚያደርገው አልነገሩኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም። አንዳንድ ነገር ሳይጠየቅ ይታወቃል።

ቁርስ ላይ ሁለታችንም አፋችንን በዳቦ ዘጋን። ልጄ ክፉ አይደለችም፤ ክፉ ብትሆንማ ነገሩ በቀለለልኝ። ዳቦዬን ጠርዙን ቆርጣ፣ ማርማላታውን ሳሳ አድርጋ ቀብታ ነው የምታቀርብልኝ። የግፊት ክኒኔን በየጠዋቱ ከብርጭቆዬ አጠገብ ታስቀምጣለች። አምና ውሻው እግሬ ሥር ገብቶ ሲጠልፈኝ ወድቄ እጄ ተሰብሮ ነበር፤ ሦስት ወር ሙሉ ያጠበችኝና ያለበሰችኝ እሷ ናት። ደረጃው መግቢያ ላይ ደግሞ የሕንፃው ኮሚቴ "ውሻ ማሳደር በጥብቅ የተከለከለ ነው" የሚል ወረቀት ለጥፏል፤ ከታች "በትዕዛዝ" የሚል ተጨምሮበታል፣ የማን ትዕዛዝ እንደሆነ ግን አይናገርም። ስለዚህ ምክንያት አላት፤ ምክንያትስ ማን አጣ። ዓይኗን ከሻይዋ ሳታነሳ እንቅልፍ ወስዶኝ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ደህና አደርኩ አልኳት። ጤና ጣቢያ ሄጄ ግፊቴን ተለክቼ እንደምመጣ ስነግራት ከሥራ አስፈቅዳ ልትወስደኝ ፈለገች፤ መንገዱ አይጠፋኝም ብዬ አሰናበትኳት። በዚያ ጠዋት እሷም ዋሸች እኔም ዋሸሁ፤ እኩል ለእኩል ወጣን።

አውቶቡሱ በድሮ ሰፈራችን በኩል ያልፋል። እስከዚያች ቀን ድረስ እዚያ ጋ ስንደርስ ፊቴን ወደ ሌላው መስኮት አዞር ነበር። ዛሬ ግን አየሁት፤ የሚታየው ዙሪያውን የተጋረደ ሰማያዊ ቆርቆሮና ከበላዩ የወጣ የብረት ጫካ ነው። እዚያ ቆርቆሮ ውስጥ አንድ የግቢ በር ነበር፣ ከበሩ ውስጥ አምስት ቤት። የመጀመሪያው የእኔ፤ ቀጥሎ የፀጉር አስተካካዩ፣ ከዚያ የመምህሩ፣ ከዚያ የሥጋ ሻጩ፣ ጥጉ ላይ የልብስ ሰፊዋ። አንድ ቧንቧ፣ አንድ የልብስ ማስጫ ገመድ፣ አንድ የቆጣሪ ጭቅጭቅ ነበረን። አንዳችን ቤት ሽንኩርት ቢያልቅ ገበያ መውጣት አያስፈልግም፤ በአጥር ቀዳዳ እጅ መስደድ ብቻ ነው። ያኔ ስንኖርበት ግን እንዲህ አላልኩም፤ ጠበበን፣ ጮኸብን፣ መቼ ነው እንደ ሰው ፎቅ ላይ የምንወጣው እያልኩ ሳማርር ነው የኖርኩት። ሰው ሞኝ ነው። አሁን ፎቅ ላይ ወጥቼ የማልሰማው ጩኸት ናፈቀኝ።

ውሻው ቡችላ ሆኖ በዝናብ ቀን በዚያ በር ገባ፤ እኔ ቤት ደጃፍ ላይ ስለተጠለለ የእኔ ሆነ። ስሙን ሃሎ አልኩት። የልጄ ስልክ ሲጮህ ከእኔ ቀድሞ የሚነሳ ውሻ ሌላ ምን ይባላል? ጠዋት በሻይ የራሰ ዳቦ እሰጠዋለሁ፣ ከዚያ ወደ ጉዳዩ ይሄዳል፤ የት እንደሚውል ጠይቄው አላውቅም። ወንድ ልጅ ነው ብዬ እተወዋለሁ።

መጠለያው ድሮ የመኪና ጋራዥ የነበረ ትልቅ አዳራሽ ነው። ወለሉ ላይ የዘይቱ ጥቁር ምልክት እስከ ዛሬ አልለቀቀም፤ የበረኪናው ሽታ ከውሻው ሽታ ጋር ተቀላቅሎ ገና በሩ ላይ ይቀበላል። ለሁለት የተቆረጡ በርሜሎች ጎን ለጎን ተደርድረዋል፤ በያንዳንዱ ውስጥ ከሰው ቤት የመጣ አሮጌ ብርድ ልብስ ተነጥፎ፣ በብርድ ልብሱ ላይ አንድ ውሻ ተጠቅልሎ ተኝቷል። ግድግዳው ሥር ዳቦ ቤቱ የላከው የአደረ ዳቦ በማዳበሪያ ጆንያ ቆሟል። አንድ ጡረታ የወጣ ሹፌር ጎንበስ ብሎ የድመቶቹን አሸዋ ይቀይራል፣ ሁለት የተማሪ ዩኒፎርም የለበሱ ልጃገረዶች አንዲት ባለ ሦስት እግር ውሻ ይቦርሻሉ። ማንም ማንንም አያዝም፤ ሥራው ግን ይሠራል። እኔ በመሥሪያ ቤት ዘመኔ ሦስት አለቃ እያዘዘን እንኳ እንዲህ ሲሠራ አላየሁም።

የመጠለያው ሐኪም የጎማ ቦት ጫማ ያደረገች፣ እጅጌዋን እስከ ክርን የጠቀለለች ልጅ ናት። የማን እናት እንደሆንኩ ስነግራት ግራ ገባት። ጠዋት ደውለው ሞቷል እንደተባሉ በትሕትና ነገረችኝ። እኔም ልጄ እኔ የሞትኩ መስሏት ይሆናል አልኳት። ሳቀችና አንድ ወፍራም መዝገብ ከመሳቢያ አወጣች፤ ገጹን ስትገልጥ ግን ሳቋ እየቀነሰ ሄደ። ከዚያ አራት ቦታ ወረቀት ጣል አድርጋ ምልክት አደረገችና መዝገቡን ወደ እኔ አዞረችው። ከእኔ ገጽ ሌላ አራት ሰዎች በተለያየ ቀን፣ ከዚያው ከእኔ ሰፈር፣ ከዚያው የግቢ በር ቁጥር፣ የጠፋ ውሻ አስመዝግበዋል።

"አምስት ውሻ ነበር የምንፈልገው እማማ" አለችኝ። "አንዱን እንኳ ሳናገኝ ስምንት ወር። አሁን ሳየው ግን…"

መነጽሬን አደረግሁ። ፀጉር አስተካካዩ "ጢሞ" ብሎ አስመዝግቦታል፤ መለያ በሚለው ሥር "አገጩ ላይ መከርከም ያለበት ነጭ ፀጉር" ይላል። ሥጋ ሻጩ "ቅልጥም፣ ወፍራም" ብሏል። ልብስ ሰፊዋ "ኮሌታ፣ አንገቱ ላይ ዙሪያውን ነጭ፣ ሦስት ጣት ስፋት ያለው" ብላ ለክታ ጽፋለች። መምህሩ በዚያ ጥቁር ሰሌዳ ላይ እንደሚጽፈው ቀጥ ያለ የእጅ ጽሑፉ "ሞኒተር። ቀጭን፣ አስተዋይ፣ ሰዓት አክባሪ" ይላል። ባለቤት በሚለው ሥር ሁሉም የራሱን ስም ጽፏል። ጸያፍ ነገር እንደተነገረበት ሰው ተቆጣሁ። ጠዋት ከእኔ ቤት ወጥቶ ጉዳይ ያለው መስሎኝ የነበረው ሰውዬ ለካ አራት ሌላ ትዳር ነበረው።

ቀጥሎ ያለውን መስመር ሳነብ ግን ቁጣዬ የት እንደገባ አላውቅም። እንዴት እንደጠፋ የሚል ጥያቄ አለ። ፀጉር አስተካካዩ "ቤት ስንቀይር ጎረቤት ይዞት የሄደ መስሎኝ" ይላል። ሥጋ ሻጩም ጎረቤት ይዞት የሄደ መስሎት ነው። ልብስ ሰፊዋ ጎረቤቶቼ የወሰዱት መስሎኝ ትላለች። መምህሩ "ከጎረቤቶቼ አንዱ እንደወሰደው በመገመት" ብሎ አሳምሮታል። የእኔም ገጽ በገዛ እጄ ጽሑፍ ያንኑ ይላል። አምስት ሰው "የእኔ ነው" ብሎ ፈርሟል፣ አምስቱም ሌላው ወሰደው ብሎ ጥሎት ሄዷል። ግቢያችን ሊፈርስ የሦስት ቀን ማስጠንቀቂያ ሲሰጠን ሁሉም አልጋውን ፈታ፣ ሳህኑን በጋዜጣ ጠቀለለ፣ የበሩን ማጠፊያ ሳይቀር ነቅሎ ጫነ። በግቢው ውስጥ አንድ ነገር ብቻ ቀረ፤ እሱም የሁላችንም የሆነው ነው።

ሌሎቹ እውነታቸውን ይሆናል። የእኔ ግን ውሸት ነበር። የጭነት መኪናው ሲንቀሳቀስ እኔ በሹፌሩና በልጄ መሀል ተቀምጬ ነበር፤ በልጄ በኩል ባለው የጎን መስታወት ውስጥ ውሻው ሲሮጥ አየሁት። ሽማግሌ ውሻ ነው፣ ሩጫው እንኳ ሩጫ አይባልም። እስከ አስፋልቱ መጋጠሚያ ተከተለን፤ ከዚያ ተቀመጠ። አልጮኸም፣ ዝም ብሎ አውቶቡስ እንዳመለጠው ሰው ተቀመጠ። ልጄ ፊቷን በመሀረብ ይዛ ነበርና ያላየች መሰለኝ። "አቁም" የምትል አንዲት ቃል ጉሮሮዬ ድረስ መጣች። እጄ በዚያን ጊዜ ገና በጀሶ ነበር፤ ልጄ በእኔ ምክንያት ስንት ነገር ችላለች፣ አዲስ ቤት በምንገባበት በመጀመሪያው ቀን ጠብ አላምጣባት ብዬ ቃሏን ዋጥኳት። ሠላሳ አንድ ዓመት ሰውን ከሰው ሳገናኝ ኖሬ ያቺን አንዲት ቃል ከአፌ አላገናኘሁም። ስምንት ወር ሙሉ ለማንም አልተናገርኩም። ሐኪሟን እስክሪብቶ ለመንኳት፤ በመስመሩ ላይ ሰረዝ አደረግሁና ከሥሩ "በመኪናው መስታወት ሲከተለን አይቼ ዝም አልኩ" ብዬ ጻፍኩ። ሐኪሟ አነበበችውና ወንበር አመጣችልኝ።

ውሻውን አመጡት። በሞቀ ልብ ዘሎ ይጠመጠምብኛል ብሎ የሚጠብቅ ካለ አልሆነም። ከስቷል፣ አንዱ ዓይኑ ጉም ጋርዶታል፣ ጆሮውም ደንቁሯል። ጫማዬን አሸተተ፣ ደግሞ አሸተተ፣ ከዚያ እንደ ድሮው አገጩን ጫማዬ ላይ አስቀምጦ ተነፈሰ። አለቀስኩ። በእጄ ጀርባ ጠራርጌ ስጨርስ ሐኪሟ ማን ቤት እንደሚያድር ጠየቀችኝ። የሕንፃውን ኮሚቴ ወረቀት ነገርኳት። እሷም ቦታ የሌለውን ሰው ማስፈረም እንደማትችል፣ ይህንንም ወዳ እንዳልሆነ ነገረችኝ። በርሜሎቹን አሳየችኝ፤ አንድም ባዶ አልነበረም። ሰዓቴን አየሁ፤ አምስት ሰዓት ከሩብ።

ቁጥር እኔ ዘንድ አይጠፋም። ከዚያ ወዲህ ልጄ የሰጠችኝን አሮጌ ስልክ አውጥቼ ከራሴ እያነበብኩ ደወልኩ። ፀጉር አስተካካዩ ድምፄን ሲሰማ "እትዬ፣ መስመሩ ላይ ይቆዩ የሚሉኝ መስሎኝ ደነገጥኩ" ብሎ አሳቀኝ፤ ነገሩን ስነግረው ግማሽ ፀጉሩን የቆረጠለትን ሰው ጨርሶ እንደሚመጣ ነገረኝ። ሥጋ ሻጩ ምንም አልጠየቀም፤ የት እንደሆነ ብቻ ጠየቀ። ልብስ ሰፊዋ እኔ ስናገር መሀል ላይ ማልቀስ ጀምራ መሀል ላይ ጨረሰች፤ እሷ ልቅሶዋም እንደ ስፌቷ ፈጣን ነው። መምህሩ ጋ ስደውል አንድ ወጣት አነሳው፤ የእህቱ ልጅ ነኝ አለ። መምህሩን ፈልጌ እንደነበር ነገርኩት።

"አላወቁም እንዴ እናቴ?" አለኝ። "አጎቴ ካረፉ ሁለት ወር ሆናቸው።"

ስልኩን ዘጋሁ። ከቤቴ ግድግዳ ሁለት በር አልፎ የኖረ ሰው ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሲያስል ሰምቼዋለሁ፤ በሳሉ ብርድ መግባቱን አውቅ ነበር። አሁን ሞቶ ቀብሩ ላይ አንዳችንም አልቆምንም። በዚያ ግቢ ቢሆን ገና ሳሉ ሲለወጥ እንሰማ ነበር። መዝገቡን መልሼ ገለጥኩና ጽሑፉን አየሁት። ሰዓት አክባሪ ብሎ የጻፈው ስለ ውሻው ነበር፤ እሱም ራሱ እንዲያ ነበር።

ሦስቱ እስከ ስምንት ሰዓት ድረስ ተሰበሰቡ። ፀጉር አስተካካዩ ፀጉሩ ሸሽቷል፤ ለራሱ ሲሆን እጁ አይረዳውም ብዬ ቀለድኩበት። ሥጋ ሻጩ ያው ነው፣ ትልቅ ሰውነትና ትንሽ ድምፅ። ልብስ ሰፊዋ የለበሰችውን ጃኬት ሳየው የድሮ መጋረጃዬ ጨርቅ ነው፤ ሸጬላት ነበር። ሰላምታ ላይ ትንሽ ተፈራራን፤ ስምንት ወር ማንም ለማንም አልደወለም። መምህሩን ነገርኳቸው፤ ሁሉም መሬቱን አየ። ከዚያ ውሻው የማን እንደነበር ጭቅጭቁ ተነሳ፤ እኔ ነኝ ያሳደግሁት፣ እኔ ነኝ ያበላሁት፣ እኔ ቤት ነው የሚያድረው እየተባባልን ስንነታረክ ሐኪሟ ውሻውን ከገመዱ ፈታችውና ዝም በሉ የሚል ምልክት ሰጠችን። እኛ እንደመጣን ነው የቆምነው፤ ልብስ ሰፊዋ ከእኔ አጠገብ፣ ሥጋ ሻጩ መስኮቱ ጋ፣ ፀጉር አስተካካዩ ጥግ ላይ።

ውሻው መጀመሪያ እኔ ጋ መጣና ጫማዬን አሸተተ። ከዚያ ልብስ ሰፊዋን አልፏት ጥግ ድረስ ሄዶ ፀጉር አስተካካዩ እግር ሥር ትንሽ ጋደም አለ። ተነሳ። ሥጋ ሻጩ እጁን ዘረጋለት፤ ውሻው ግን አልሄደም። ወደ በሩ ዞሮ፣ ባዶው ቦታ ላይ ቆሞ፣ የደነቆረውን ጆሮውን አቅንቶ ጠበቀ። እኛም ጠበቅን። በግቢያችን የቤቱ ተራ ሲቆጠር ከፀጉር አስተካካዩ ቀጥሎ የመምህሩ ነው፤ ስድስት ሰዓት ላይ ጋዜጣውን ጮክ ብሎ እያነበበ ግማሽ ዳቦውን የሚሰጠው እሱ ነበር። ውሻው ለመምህሩ የሚገባውን ያህል ከጠበቀ በኋላ ወደ ሥጋ ሻጩ ሄደ፤ በመጨረሻ ልብስ ሰፊዋ ጋ ሄዶ የስፌት መኪናዋ ሥር እንደሚተኛው እግሯን ተደግፎ ተጋደመ። ቀኑን ሙሉ በአምስት ቤት እንደዚህ ነበር የሚዞረው። ከዚያ በኋላ ማንም የእኔ ነው አላለም።

ሐኪሟ ያኔ ነው ሌላ ቅጽ ያወጣችው። ለአንድ ባለቤት የማይሰጥ ውሻ ለሰፈር ይሰጣል አለችን። መጠለያው ይከትበዋል፣ ያክመዋል፣ ቀይ የአንገት ማሰሪያ ያስርለታል፤ ሰፈሩ ደግሞ የሚያድርበትን በር ይሰጣል፣ ለሳምንቱ ቀናት ሁሉ የሚያበላና የሚጠይቅ ሰው በስሙ ይፈርማል። እንዲህ ሆነው ከተማው ውስጥ ብዙ ውሾች ይኖራሉ አለች። ከዚያ የሰፈራችሁን አድራሻ ንገሩኝ ብላ እስክሪብቶዋን አዘጋጀች። እርስ በርስ ተያየን። ሰፈራችን ፈርሷል ለማለት አራታችንም ድምፅ አጣን።

መላው ማዘጋጃ ቤቱ ከውሻው ጋር ከላከው ወረቀት ጀርባ ተገኘ። ውሻው የተያዘው ከዚያው ከቆርቆሮው አጥር ውስጥ ነው፤ የግንባታው ዘበኛ በየሁለት ቀኑ እየደወለ ደህንነቱን ይጠይቅ ኖሯል፣ ቁጥሩንም ጽፈው ይዘውታል። ደወልኩለት። ስምንት ወር አብረው እንደኖሩ፣ ምሳውን ሲያካፍለው እንደነበር፣ ፎርማኑ ግን ባለቤት የሌለው ውሻ እዚህ አይኖርም ብሎ ማዘጋጃ ቤቱን እንደጠራበት ነገረኝ። "በርማ አለኝ እናቴ" አለ፣ "ያጣሁት ባለቤት ነው።" እኛ ደግሞ ባለቤት ተርፎን በር ያጣን ሰዎች ነን።

ቀን መከፋፈሉ ላይ ተቀመጥን። ፀጉር አስተካካዩ ሰኞን ወሰደ፣ ሱቁን የሚዘጋበት ቀን ነውና። ሥጋ ሻጩ ማክሰኞና ሐሙስን፣ ልብስ ሰፊዋ ረቡዕን፣ እኔ ዓርብና ቅዳሜን ያዝን። እሑድ ቀረ። እሑድ ዘበኛው ዕረፍቱ ነው፣ ተተኪው ደግሞ ውሻ ይፈራል፤ ሦስቱም ሥራና ቤተሰብ አላቸው፣ እኔም ሦስት ቀን በተከታታይ አውቶቡስ የሚችል ጉልበት የለኝም። ልብስ ሰፊዋ "በጋራ" ተብሎ ይጻፍ አለች። ሥጋ ሻጩ በዚያች ትንሽ ድምፁ መለሰላት።

"በጋራ የሚባለውንማ አይተነዋል።"

ሐኪሟ ቦታውን ባዶ ተወችልን፤ እስከ ቅዳሜ አንድ ስም ካልገባበት ግን ውሻው እንደሚመለስ አስጠነቀቀችን። ከመፈረማችን በፊት ሥጋ ሻጩ መዝገቡን ወደ እሱ ሳበና የእኔን ስርዝ አየ። ከዚያ በራሱ ገጽ ላይ አንድ መስመር ሰርዞ ከሥሩ ጻፈ። ምን ብሎ እንደጻፈ አላየሁም፤ ማየትም አልፈለግሁም። ሐኪሟ የኛን ገጾችና የቀኖቹን ዝርዝር ኮፒ አድርጋ ለየራሳችን ሰጠችን።

አስር ሰዓት ላይ በሥጋ ሻጩ መኪና ወደ ግንባታው ደረስን። ዘበኛው ቆርቆሮውን ከፈተልን፤ ውሻው ሲያየው ጭራውን ቆላ፣ ለእኛ ያላደረገውን፤ ቀናሁ፣ ግን ድርሻው ነው። ከሲሚንቶው ምሰሶዎች መሀል ቆመን ቤቶቻችንን መፈለግ ጀመርን። እኔ ቤቴ እዚህ ጋ ነበር አልኩ፣ ልብስ ሰፊዋ የለም እሱ የቧንቧው ቦታ ነው አለችኝ፤ ፀጉር አስተካካዩ በእርምጃ ለካ፣ ሳተ፣ እንደገና ለካ። ሰው ሃያና ሠላሳ ዓመት የኖረበትን ቤት ቦታ ማወቅ እንዴት ያቅተዋል? አቃተን። ውሻው ግን አልተቸገረም። በአሸዋው ክምር ዞሮ፣ ብረቱን አልፎ፣ የማናችንም ደጅ ያልሆነ ቦታ ላይ ሄዶ ተኛ። የግቢው በር የነበረበት ነው። ሁሉም ሰው የሚገባውና የሚወጣው በዚያ ነበር።

ቤት ስገባ አስራ ሁለት ሰዓት ሆኗል። ልጄ ከሥራ ተመልሳ ወጥ ቤት ቆማለች፤ ሽንኩርቱ ተከትፎ ሳይጠበስ ተቀምጧል። ግፊቴ ስንት እንደሆነ ጠየቀችኝ። ከቦርሳዬ ወረቀቶቹን አወጣሁና ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ተቀመጥኩ። እጇን በፎጣ ጠርጋ አነሳቻቸው። ጠዋት በስልክ ስላለችው ነገር ላነሳባት አስቤ ነበር፤ አውቶቡስ ውስጥ ቃላቱን ስደረድር ነው የመጣሁት። ፊቷን ሳየው ተውኩት።

መጀመሪያ የቀኖቹን ዝርዝር አየች፣ ከዚያ የእኔን ገጽ። ስርዙ ላይ ስትደርስ ቆመች። እጅ ጽሑፌ እንደ ዕድሜዬ ነው፣ ለማንበብ ጊዜ ይፈልጋል፤ እሷ ግን ካነበበችውም በኋላ ዓይኗን አላነሳችም። ከታች ያለው ሰውዬ አስነጠሰ። ማንም "ይማርህ" አላለውም።

"መስታወቱ በእኔ በኩል ነበር እማዬ" አለች በመጨረሻ። "እኔም አይቼዋለሁ።"

ስምንት ወር ሙሉ በአንድ ጠረጴዛ ዳቦ በልተናል፤ እሷ እኔ እንዳላየሁ አድርጋ፣ እኔ እሷ እንዳላየች አድርጌ። እያንዳንዳችን ያቺን መንገድ ለብቻችን ተሸክመናታል። ከጎኔ ተቀመጠች፤ ወንበሩን አላራቀችውም። እጄን እጇ ላይ አደረግሁ፣ ያን የተሰበረውንና እሷ ያዳነችውን እጅ። ዝርዝሩን እንደገና ወደ እሷ ሳበች፤ ጣቷን ከሰኞ ጀምራ በስሞቹ ላይ እያንሸራተተች ወረደች፣ ባዶው ቦታ ላይ አቆመችው።

"እሑድ ሥራ የለኝም" አለች።

ለሐኪሟ ሳልመልስላት የመጣሁትን እስክሪብቶ ከቦርሳዬ አውጥቼ ሰጠኋት።